ከሲድኒ የቀረ እልልታ

— ሄሎ... አቤት... አዎ፣ ጓዴ ነኝ፤ ቢቸና ነኝ... ማን? የሞጣው ሰማው?... ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን አብሮ አደረሰን።

— ክረምቱ? ክፉ ነበር። ሐምሌ ዝናቡ ጠፋ። ነሐሴ መጣና አልቆም አለ። ጳጉሜን ላይ በረዶ ወረደ። ጤፉን ጨፈለቀው፤ ዶሮዎቹንም ፈጀ። አሁን መሬቱ ባዶውን ተኝቷል... አላለቅስም። ጠየቅኸኝ፣ ነገርሁህ።

— መላውማ ሽምብራ ነው። መሬቱ ሳይደርቅ ሽምብራ ከዘራሁበት ዓመቱን እገፋለሁ። ዘር ግን የለኝም። ከጎረቤት እንዳልለምን በረዶው ማንንም አልማረም።

— ኧ?... ግማሽ ኩንታል? ዛሬውኑ በቅጥቅጡ መኪና?... ሰማው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ምን ልበልህ...

— ሄሎ... ትሰማኛለህ?... እሰማሃለሁ። «በአንድ ነገር» አልህ። በምን ነገር?

— አይሆንም።

— አይሆንም አልሁ። እሱ ድሮ ቀርቷል... ዕዳ አይደለም፣ ጨዋታ ነው... አዎ፣ ብያለሁ። ኃይሌ ኬንያዊውን ከቀደመው እንደ ሴት እልል እላለሁ ብያለሁ። አንተ ግን ይኸን ይዘህ ስንት ዓመት አሳደድኸኝ? አቴንስ ጊዜ ሰው ላክህብኝ። ቤይጂንግ ጊዜ ደወልህ። ፓሪስ ላይ ልጃችን ማራቶኑን ሲወስድ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ ደወልህ። ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ስልኬን የምዘጋው ለምን ይመስልሃል? አገር ሲጨፍር ጓዴ ተደብቆ ነው።

— ቆይ፣ ይኸ የምሰማው የማን ሳቅ ነው?... የማርያም ማኅበር ላይ ናችሁ? ስፒከር ላይ አድርገኸኝ ነው?... እንዴት ዋላችሁ፣ ማኅበርተኞች። ይቅርታ፣ አላወቅሁም።

— አይ፣ አንተ አትንገራቸው፤ አንተ ቅቤ ትቀባዋለህ። እኔ ልናገር። አንድ የቢቸና ሰው ነበር በሉ። ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ሞጣ ገበያ ወጥቶ ሰማው ቤት ሬዲዮ ሊሰማ ተቀመጠ። አሥር ሺ ሜትር ነው፤ ሲድኒ። የሬዲዮው ድንጋይ ደክሞ ስለነበር ፀሐይ አሙቀው ነው የመለሱት። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ኬንያዊው አፈትልኮ ወጣ። ድንጋዩም አለቀ። ሰውየው «በቃ፣ ወሰደው» ብሎ ተነሣ።

— አልጨረስሁም። መኪና ላይ ሰው ጠየቀው፤ የሰማውን ተናገረ። ሹፌሩ ካሴቱን አጠፋ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። እንዲህ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነው ቢቸና ገቡ። ሲደርሱ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ይጨፍራል። ሰውየውም...

— እሺ፣ እሱንም እላለሁ። ሰውየው «ገና አልሰሙም» ብሎ አዘነላቸው። ካብ ላይ ወጥቶ፣ «ወገኖቼ፣ ተሸንፈናል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አላቸው... ሳቁ። እነሱም ስቀውብኛል። ለካ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ኃይሌ መስመሩ ላይ በደረት ቀድሞት ኖሯል።

— በግ ልስጥህና ይቅር... ማር ልጨምርልህ?... ሰማው፣ ሽበቴን እይልኝ... ዘሩ ቅጥቅጡ ጣራ ላይ ነው? ሞተሩም ተነሥቷል?... እልል ካላልሁ ይወርዳል? አንተ ሰው አይደለህም።

— ቆይ... ስርጉት፣ እስቲ ውጪና ዶሮዎቹን እዪያቸው... ዶሮ የለንም? አዎ፣ ለካ የለንም። እንግዲያው የጎረቤት ዶሮ እዪ... ሚስቴ ናት፤ አልወጣም አለች። ጭራሽ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

— ስንት ጊዜ ነው?... ሰባትማ ወንድ ልጅ ሲወለድ ነው። ለሴት እንደሚባለው ሦስት ይበቃችኋል... ኃይሌ ወንድ ነው? እሱስ ነው።

— እሺ። ጸጥ በሉ... እ... እል... ሳል ያዘኝ... ስርጉት፣ ፊትሽን አዙሪ... እልልል... እልልልልል... እልልልልልልል—

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ቆጠራችሁ?... ታለቅሳለህ እንዴ ሰማው?... ሳቅ ነው? እንግዲህ አንተ ታውቃለህ... ስምንት ነው? ሰባቱ ያንተ ነው። ስምንተኛው የራሴ ነው፤ ስንት ኦሎምፒክ አምቄው ኖሬአለሁ።

— አንዴ ጠብቀኝ፣ በሩን ጎረቤት ሞላው... ይርጋነሽ፣ ግቢ። ምንድነው የያዝሽው?... ቅቤ? ለማን ገንፎ?... ኧረ ማንም አልወለደም። ስርጉትማ በዚህ ዕድሜዋ... አይደለም። ኃይሌ አሸንፎ ነው... ሲድኒ ላይ... አውቃለሁ፣ ቆይቷል። እኛ ቤት የደረሰው አሁን ነው።

— ሄሎ፣ ሰማው... ከዕዳዬ ወጣሁ?... በማኅበርተኞቹ ፊት በለው... ተባረክ። መኪናው ተነሣ?... ተነሣ። በል ልዝጋ፤ ይርጋነሽ ቅቤዋን ይዛ ልትመለስ ነው።