ለኢንስፔክተሩ የጸዳው ቤት
ትልቅ ሰው ሳላሳፍር እውነቱን የምናገረው እንዴት ነው? ጥያቄው ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። የካናዳ የነዳጅ ሥራ ደርቶ ሰው በመጉረፉ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ቤት በጠፋ ጊዜ፣ እትዬ አልማዝ ከሚያስለው የልጅ ልጃቸው ጋር ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር፣ የሻገተ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቤቱን ሊያይ የሚመጣው የከተማው ኢንስፔክተር «ለኑሮ አይሆንም» ካለ መንግሥት ሌላ ቤት ስለሚሰጣቸው ላስተረጉም ሄድኩ። ስደርስ ሻጋታውን በአዲስ መጋረጃ ሸፍነውታል።

«እትዬ፣ ሰውዬው እኮ ሻጋታውን ሊያይ ነው የሚመጣው!»

«ታዲያ እንግዳ በቆሻሻ ቤት ልቀበል? አንቺ ደግሞ!»

ኢንስፔክተሩ ዙሪያውን አየና «ቤቱ ደህና ነው» አለ። ፊቴ እየጋለ መጋረጃውን ገለጥኩት፤ ሰውዬውም ሻጋታውን አይቶ ቃሉን ለወጠ። እትዬ አኮረፉኝ፤ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ፀሐይ የሚገባበት ቤት ሲሰጣቸው ግን ስመው መረቁኝ። ልጁንም ሳሉ ለቀቀው፤ እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ለማስተርጎም ስጠራ አስቀድሜ እየደወልኩ፣ «እባክዎ፣ ነገ ቤቱን እንዳያጸዱት» ለማለት ወሰንኩ።