የተለየው ሳህን

በ2009 ዓ.ም. በልግ፣ ስንዴ ነጋዴው ሐጂ ሙህዲን ሮቤ ገበያ ዳር ጋሪ ሲጠብቁ ከጎረቤታቸው ልጅ ከመምህርት ሰቢሪና ጋር ድንገት ተገናኙ።

«አከም ጅርቱ፣ ሐጂ?» አለቻቸው።

ለሰላምታዋ መልስ ሳይሰጡ የልጃቸውን የኢህሳንን ሞባይል ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት። ኢህሳን ከዩኒቨርሲቲ ተባሮ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የጦርነት ጌም ሲጫወት ይውላል። ዛሬ ነጥቀውት ሊሸጡት ወጥተዋል።

«ልጄን የበላው ይህ ዕቃ ነው» አሉ።

ሰቢሪና ጌሙ አይጎዳም አላለችም። ብቸኛ ሰው ይሸሸግበታል፣ በተሸሸገ ቁጥርም ብቸኝነቱ ይብስበታል ብላ በትሕትና አስረዳቻቸው። ሐጂ ደማቸው ፈላ። ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት ምን ብቸኝነት አለ? የተማረ ሰው ሥራው ወላጅ መውቀስ ሆነ እንዴ?

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ ኢህሳን የሚበላው ከማን ጋር ነው?»

ሐጂ ሞባይሉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ልጁ የመጣ ዕለት «ከእኔ ገበታ እጅህን እንዳታስገባ» ብለው ሳህኑን የለዩት ራሳቸው ናቸው። በእነሱ ቤት ሳህን የሚለይለት የታመመ ሰው ብቻ ነው። ቅጣቱ ለአንድ ሳምንት ታስቦ ነበር፤ ይብቃ ያለ ግን አልነበረም። ስንቱ አባት ነው ልጁን ከቤት ሳያስወጣ የሚያባርረው!

«ወንድሜ ዘይነዲን ሊጠይቀው ቢሄድ ኢህሳን ያጫወተውን ልንገርዎት» አለች፤ አሁን እሷም ተቆጥታለች። «አንድ ቀን ከጌሙ ቢቀር አሥራ አንድ ሰው ‹የት ጠፋህ?› አለው። ሦስት ቀን ታሞ ሲተኛ ግን እናንተ ሳህኑን በሩ ላይ አስቀምጣችሁ ሄዳችሁ። እነዚያም ቢሆኑ እውነተኛ ስሙን አያውቁም፤ ውሃ አያቀብሉትም። ስልኩን ይሽጡት እንግዲህ። ነገ የት ጠፋህ የሚለው አንድም ሰው አይኖርም።»

ጋሪው መጣ፤ ሐጂ አልተሳፈሩም። መጀመሪያ በእሷ፣ ቀጥሎ በራሳቸው ተናደዱ፤ የራሳቸው ባሰ። በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ሞባይሉን ለኢህሳን መለሱለትና በሳህኑ ያለውን ምግብ ትልቁ ገበታ ላይ ገለበጡት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት። «ካልተቀመጥክ ማንም አይበላም። ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር መጋዘን ትወርዳለህ። ጌሙን ደግሞ ስንት ሰዓት እንደምትጫወት አብረን እንወስናለን።»

ኢህሳን ከክፍሉ በር አልተንቀሳቀሰም። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ከቤተሰቡ እጁን የዘረጋ የለም። በመጨረሻ መጥቶ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ጌሙን ጨርሶ አልተወም። ግን ቀን መጋዘን ይውላል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ይስቃል፤ አንድ ሰዓት ተጫውቶ ስልኩን ራሱ ያስቀምጣል። ለምሳ የዘገየ ቀን ደግሞ ቀድመው የሚደውሉለት ሐጂ ናቸው።

«የት ጠፋህ?» ይሉታል።