ታየች ዋና የተማረችበት ዓመት

ቁጭ በሉ፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ ደግሞ አትቁነጥነጡ። ሶልያና፣ ስልኩን ገልብጪው። ቤዛ፣ አንቺ ጻፊ፣ ግን የምለውን እንዳለ ጻፊ፤ «አክስቴ እንዲህ ለማለት ፈልጋ ነው» እያልሽ የራስሽን እንዳትጨምሪበት።

በእኛ ጊዜ፣ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ማለቴ ነው፣ እዚህ አምስተርዳም ሐበሻ ለሐበሻ ብርቅ ነበር። ትራም ላይ አንድ የአገር ሰው ካየን የምንወርድበትን ፌርማታ አሳልፈን እንከተለው ነበር፣ እውነቴን ነው! አሁን እትዬ ታየች የምትሏትን ሴትዮ እኔ ያገኘኋት እንደዚያ ነው፣ ትራም ላይ ተከትያት። ታዲያ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት አብረን ያዝን፤ እኔ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ እሷ ዲመን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚኖሩበት ቤት ታጸዳለች።

እና ታየች ልጅ ነበረቻት። ትዕግስት። ኮምቦልቻ እናቷ ጋ የተወቻት። ትታት ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር፣ ያን ጊዜ አሥር ሞልቷታል። ላምጣት ብላ ብትጠይቅ የውጭ ዜጎች ፖሊስ «የዓመት የሥራ ኮንትራክት አሳዪ» አላት። እሷ ደግሞ ኮንትራክት የላትም፣ ሲፈልጓት የምትጠራ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ።

ታዲያ አንድ ቀን የዲመኑ ቤት ኃላፊ ትጠራትና «ታየች፣ ልጆቹ አንቺን ይወዳሉ፣ መጥረጊያውን ተይና እነሱን ተንከባከቢልኝ፣ የዓመት ኮንትራክት እፈርምልሻለሁ» ትላታለች። እልል በይ! ቆይ ገና ነው። «ብቻ» ትላለች፣ «ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ዋና እንወስዳቸዋለን፣ ልጅ ይዞ ውሃ የሚገባ ሰው የዋና ዲፕሎማ ይኑረው ይላል ደንባችን። እስከ በጋው ዕረፍት አምጪ።»

የዋና ዲፕሎማ! እኛ አገር እኮ ዲፕሎማ ማለት ኮሌጅ ነው። እዚህ አገር ግን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ይዋኛል፤ ዞር ባሉበት ቦይ ነው፣ ምን ያድርጉ።

ታየች እቤት ገባች፣ ካፖርቷንም አላወለቀች፣ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «አስኩ፣ አለቀልኝ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ውሃ ግቢ አሉኝ።»

ሳቄ መጣ፣ ምን ልዋሽ። እስከምትነግረኝ ድረስ ሳቅኩ። ከዚያ ነገረችኝ። ስምንት ዓመቷ ሆኖ ከታላቅ ወንድሟ ከይመር ጋር ቦርከናን ሲሻገሩ ድንገት ሙላት መጣ። እሷ ዳር ላይ ነበረች፣ ሸሚዙን ያዘች። ሸሚዙ እጇ ላይ ቀረ፣ ይመር ሄደ። እናቷ ወንዙ ዳር ሦስት ቀን «ይመር! ይመር!» እያለች ስትጣራ ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ ታየች ፊቷን እንኳ የምትታጠበው በእርጥብ ፎጣ ነው። አብሬያት ስኖር አይቼዋለሁ፣ እንዲያው የሰው ዓመል ነው ብዬ አልፌው ነው።

«እና ተዪዋ» አልኳት። «ሌላ ሥራ ይገኛል።»

«ስድስት ዓመት ተገኘ?» አለችኝ።



ታዲያ ልትመዘገብ ዋናው ቤት፣ መዋኛ ገንዳው ማለቴ ነው፣ አብረን ሄድን። የትልልቅ ሰዎቹ ትምህርት እሁድ ጠዋት ነው አሉን። እሁድ ጠዋት ደግሞ ጸሎት አለን፣ ከሮተርዳም ከዴን ሃግ ሰው በባቡር የሚመጣበት ጉባኤ ነው፣ እንዴት ይቀራል? «ሌላ ቀንስ?» ስንል «ሌላ ቀን የልጆች ነው» አሉን። ታየች «ከልጆቹ ጋር እገባለሁ» አለች! የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ ከስድስትና ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር። አንዷ ብጫ ፀጉሯን በሁለት የተጎነጎነች ቀና ብላ አየቻትና «ሜቭራው፣ አንቺ የማን እናት ነሽ?» አለቻት፤ ሜቭራው እመቤት ማለት ነው። ታየችም «የትዕግስት» አለች። ልጅቷ ትዕግስት የምትባለዋን ስትፈልግ ዋለች።

አስተማሪዋ ስልሳ ያለፋት፣ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለች፣ ረጅም ዘንግ የማይለያት ሴትዮ ነበረች። የምታውቀው ቃል አንድ ነው፣ «ሩስቲህ፣ ሩስቲህ»። ተረጋጊ፣ ቀስ በይ ማለት ነው። ታየች የመጀመሪያ ቀን እስከ ጉልበቷ ገብታ ጥርሷ እየተፋጨ ተመለሰች። ሁለተኛም ቀን እስከ ጉልበቷ። ሦስተኛም እስከ ጉልበቷ። እኔ መቼም በልቤ ጨርሻለሁ፣ አይሆንላትም ብያለሁ።

እሷ ግን ምን አደረገች መሰለሽ? ሳፋ ገዛች። ፕላስቲክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ቀይ። ጠዋት ከሥራ በፊት ውሃ ትሞላና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከፊቱ ትቆማለች፣ ታፈጥበታለች፣ ከዚያ ፊቷን ትነክራለች። አንድ! ብላ ትወጣለች። ጨርሰናል፣ አንድ። ፊቷን ትጠርግና «ዛሬም አልሞትኩም» ብላ ወደ ሥራዋ። በማግስቱ ሁለት። «ዛሬም አልሞትኩም።» ሳምንት ሲሞላ ሰባት። በቀን አንዲት ቁጥር ብቻ፣ ቤዛ፣ ቀን ቢቀናትም አትጨምር፣ ቢከፋትም አትቀንስ። «ታየች፣ ዛሬ ደህና ነሽ፣ እስቲ አምስት ጨምሪ» ስላት «አይ፣ የነገውን ዛሬ አልበላም» ትለኛለች።

ሃያ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣች። «አስኩ፣ እዚያ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ድምፁ ይረብሸኛል። ስነከር ጩኺብኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የመጣልሽን። ድስት ምቺ።»

መታሁ! ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ድስት በጭልፋ! የታችኛዋ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደልቃለች፤ ታየች ከሳፋው ወጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሷም ትርዳኝ፣ ተያት።»

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን የማያስቀውን ልንገራችሁ። ሠላሳ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ጠዋት፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አስኩ፣ ዛሬ ድስቱን ተዪው። የወንድሜን ስም ጥሪልኝ» አለችኝ።

«አላደርገውም!»

«እንደ እናቴ አድርገሽ ጥሪው። ውሃ ውስጥ ስገባ የምሰማው እሱን ነው። እዚያ ከሚመጣብኝ እዚህ ይምጣብኝ።»

«ታየች፣ አልችልም አልኩሽ እኮ።»

«እኔ እየቻልኩት አንቺ አልችልም ትያለሽ?»

ፊቷን ነከረች። እኔም ጠራሁት። «ይመር! ይመር!» አልኩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ እየጮኽኩ፣ እያለቀስኩ። ጆሮዎቿ ከውሃው በላይ ናቸው፣ ትሰማኛለች። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድደው ነጭ ሆነዋል፣ ግን ራሷ አይነሳም። ሠላሳ አንድ ቆጥራ ወጣች። እንባዋ ይሁን የሳፋው ውሃ ማን ያውቃል። «ዛሬም አልሞትኩም» አለች፣ እና ቦርሳዋን አንስታ ባቡሯን ለመያዝ ሮጠች። እኔ ነኝ ያን ቀን ሥራ የቀረሁት!

ያን ሳምንት እስከ አንገቷ ገባች። ሳፋውን አርባ ላይ አቆመችው። በወሩ ዋኘች። የሚያምር ዋና እንዳይመስልሽ፣ እንደ እንቁራሪት ነው፣ ግን ትሄዳለች።

ፈተናው ሲደርስ ጉባኤው ሁሉ ሰማ። ሽማግሌያችን ጋሽ ኃይሉ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ይሠሩ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ተነስተው «ለእህታችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይታወጅ» አሉ። አሜን አልን። ከእኛ መካከል አንድ ሰው፣ አንድ፣ የምትዋኘዋ ሴትዮ ትብላ ያለ የለም! ሐበሻ ለፈተና ይጾማል፣ አለቀ፤ መንጃ ፈቃድም ቢሆን፣ ዋናም ቢሆን።

እሷም ጾመች። እህል የሚባል ሦስት ቀን አልቀመሰችም። አራተኛው ቀን ጠዋት ፈተናው ነው። ልብስ ለብሰው የሚዋኙት የፈተና ክፍል አለ፣ ቦይ ውስጥ የወደቀ ሰው በሱሪና በጫማ ስለሚወድቅ፤ በሱሪዋ፣ በጫማዋ ዘለለች። እኛ አሥራ አራት ሰዎች በእሁድ ልብሳችን፣ ጫማችን ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቀን፣ ዳሩ ላይ ተደርድረናል። መሐል ስትደርስ እጇ ዛለ። ዓይኗ ተገለበጠ። አስተማሪዋ በዘንጉ ስባ አወጣቻት።

«ጠዋት ምን በላሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ምንም።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

ታየች እኛን አየች። እኛ የላስቲክ ጫማችንን አየን። አስተማሪዋ ዘንጓን ተደግፋ ዞር አለችብን፣ «አምላካችሁ ዳቦ ይከለክላል?» አለችን። ጋሽ ኃይሉ «ምን አለች?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። እኚያ ግርማ ሞገሳቸው የሚያስፈራ ሰው ፊታቸው አመድ መሰለ። ታየች በፎጣ ተጠቅልላ ወደተቀመጠችበት ሄደው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ ያሰጠምኩሽ እኔ ነኝ» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ…»

«የለም፣ እኔ ነኝ። ሌላ ፈተና መቼ ነው?»

በሦስት ሳምንቱ ነው፣ የመጨረሻው። ከዚያ በኋላ ዋናው ቤት ለበጋ ይዘጋል፣ የዲመኑም ቀጠሮ ያልቃል። ጋሽ ኃይሉ እዚያው ውሃው ዳር «እንግዲህ እኛ እንጾማለን፣ አንቺ ትበያለሽ» ብለው ቆረጡ። ቆርጠውም አልቀሩ! የፈተናው ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ከሮተርዳም መጡ፣ በሳህን የተከደነ የእንቁላል ፍርፍር ይዘው፣ በእጃቸው የሠሩት። ራሳቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው ጾሙን፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ፊት ለፊቷ ተቀምጠው «ብይ» ይላሉ። ትበላለች። «ጨምሪ» ይላሉ። አንዲት ፍርፋሪ ሳህኑ ላይ እስክትቀር ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔ እንደዚያ ያለ ጸሎት አይቼ አላውቅም።

የልብሱን ክፍል በደንብ አለፈች። ከዚያ የመጨረሻው መጣ፤ ውሃ ውስጥ ሸራ ይሰቅላሉ፣ እንደ መጋረጃ እስከ ታች የወረደ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው። ዘለሽ ትገቢያለሽ፣ በውሃ ውስጥ ሄደሽ በቀዳዳው ሾልከሽ በወዲያ በኩል ትወጫለሽ። ሸራው ሳይታለፍ ራስ ከወጣ ወደቅሽ።

ዘለለች። ጠበቅን። ከወዲያ በኩል ማንም አልወጣም። ከዚያ ሸራው ተንቀጠቀጠ። ቀዳዳውን ስታዋለች! ጨርቁ ጋ ተላትማለች! ከላይ ሆነን ጥላዋ ይታየናል። አስተማሪዋ ዘንጉን ዘረጋች፤ ግን አላወረደችውም፣ ያዝ አደረገችው። እነዚያ ሁሉ ሕፃናት ወደ ዳሩ ተጠግተው አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ኃይሉ ክንዴን ጨመቁኝ፣ ጠባሳው የቀረ መስሎኝ ነበር።

እና አየናት። አልተንፈራገጠችም። እጇን ሸራው ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ ግራ ዳሰሰች፤ የለም። ተመልሳ ወደ ቀኝ ዳሰሰች፣ ጨለማ ቤት ውስጥ የመብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው፣ እንደዚያ ነው የምልሽ፣ ሳትቸኩል። ሸራው አንዴ ተነፋ። ከዚያ በወዲያ በኩል ራሷ ብቅ! ሃሌሉያው ጣሪያውን ሊያነሳው! ሕፃናቱ እየዘለሉ ነው፣ ያቺ ባለ ሁለት ጉንጉን «የትዕግስት እናት አለፈች!» እያለች ትጮኻለች።

ማታ ጠየቅኳት። «ታየች፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሸራው ሲገታሽ ምን አሰብሽ? ይመርን አላሰብሽም? ልጅሽን አላሰብሽም?»

«ምንም አላሰብኩም» አለችኝ። «አሥራ ስምንት ላይ ነበርኩ። እኔ ሳፋው ላይ አርባ አለኝ። ሃያ ሁለት ሲቀረኝ ምን ያስቸኩለኛል?»

እስቲ አስቡት! አሁን እዚህ አገር ለዚህ ሥልጠና አለ፣ የቢሮ ሰዎች ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ስለ ጭንቅላት ጥንካሬ የሚማሩት፤ እኔ አዳራሹን አጽድቻለሁ፣ ሰሌዳቸውን አይቻለሁ። በቀይ ሳፋ የሚያስተምር አላየሁም።

ኮንትራክቱ ተፈረመ። ትዕግስት በዓመቱ መጣች። ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ እናትና ልጅ ሲገናኙ የሆነውን አልነግራችሁም፣ አልችልበትም። ግን በሦስተኛው ቀን ታየች ልጅቷን ይዛት የት ሄደች? ዋናው ቤት! ልጅቷ ውሃውን ስታይ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «እማዬ፣ እፈራለሁ» አለች።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። «አይዞሽ፣ አያስፈራም» ትላለች ብዬ ነው የጠበቅኩት። ታየች ግን «እኔም እፈራለሁ» አለቻት። «ሁልጊዜ ዓርብ እፈራለሁ። ነይ እንግባ።»

ይሰማሻል ቤዛ? ለካ አልለቀቃትም ነበር! አብሬያት እየኖርኩ፣ እሷ በየሳምንቱ የሰው ልጅ ታቅፋ ውሃ ስትገባ፣ ድናለች ብዬ ነበር እኮ የማስበው። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ያቺን ሴት ቁጭ ብዬ ሰላም ብያት አላውቅም፣ እነሳላታለሁ።

«አክስቴ፣ አንቺስ? አንቺ ዋና ተማርሽ?»

እኔ? ምን ያስቃችኋል! ይሄንን አትጻፊው ቤዛ። እኔ እንኳን በዚያው ሳምንት ሄጄ ተመዝግቤ፣ የዋና ልብስም ገዝቼ፣ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ ከዚያ አስተማሪዋ ዘንጓን ወደ እኔ ስትዘረጋ እኔ ምን ብዬ—

«አስካለ! ኧረ ነይ ድረሽልኝ፣ ወጡ ሊያርር ነው!»

ከወጥ ቤት እየጠሩኝ ነው። መጣሁ! መጣሁ! ብቻ ያን ጊዜ እኔ ለአስተማሪዋ የነገርኳት ሌላ ቀን ይቆያችሁ፤ ከጉልበቴ ግን እስከ ዛሬ አላለፍኩም!