የሰዓዳ ድምፅ ስላለበት ላፕቶፕና ስለ ማህዲ መመታት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሀውራ ሙአዊያ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ቀድሞ ዓሣ ሻጭ፣ አሁን ቤት የሚውሉ
የትምህርት ሁኔታ፦ አልተማሩም
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ሐይቁ መውረጃ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተጠርጣሪው ሙስዓብ አራጋው የሆዴ ፍሬ ነው። ተጎጂው ማህዲ አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን የጎረቤት ልጅ ነው። ከሁለቱም ጠብ የለኝም። መርማሪው ም/ሳጅን እንዳለ “እማማ፣ ያሳጥሩት” ብሎኛል፤ የኔን ምላስ ያሳጠረ ሐኪም እስካሁን የለም ብየዋለሁ።

ልጄ ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ድምጿን እየቀዳች ትልክልኝ ነበር። አምና ሙስዓብ ከደሴ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ አመጣ። የማናውቀው ሰው ስምና ፎቶ ነበረበትና ማህዲ ያን አጥፍቶ ሁለት አካውንት አበጀበት። አንዱ የሰዓዳ ልጅ የዙለይሃ ነው፤ በፓስወርድ ይከፈታል። አንዱ የኔ ነው፤ ፊደል ስለማላውቅ በአውራ ጣቴ እንዲከፈት አደረገው። በኔ በኩል ያለው የሰዓዳ ድምፅ ብቻ ነው። “እማ ሀውራ፣ የዙለይሃ ፋይል ላንቺ አይታይም፣ የትምህርት ነው” አለኝ። እኔም “በገዛ ቤቴ የሚቆለፍብኝ ምን ዓይነት ትምህርት ነው፣ ሽፍትነት ነው የምትማረው?” ብየ ስቄ ተውሁት።

ለካ ሰዓዳ ያኔ ሞታለች። እዚያው ቀብረዋታል። ሙስዓብና ዙለይሃ ስለኔ “ልብ ድካም አለባት፣ መርዶው አይነገራት” ተባብለው የሰዓዳን የድሮ ድምፅ እያወጡ “ዛሬ የላከችው ነው” ይሉኝ ነበር። ስልክ የማትደውል አሰሪዋ ከልክላት ነው አሉኝ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ዙሁር ሰግጄ እንደተነሳሁ፣ ማህዲ የተበላሸውን ላፕቶፕ ሊያስተካክል ቤቴ መጣ። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጭኖ ሲጨርስ የዙለይሃ ፋይል ወደኔ ተቀላቅሎ ኖሯል። ጣቴን ሳስነካ በድምፅ ፈንታ ፎቶ መጣ። የተቆለለ አፈር ነው፤ ከጎኑ ጅዳ ከሰዓዳ ጋር የምትሠራው ስህን ፊቷን በእጇ ሸፍና ቆማለች። ማህዲ ስክሪኑን በመዳፉ ጋርዶ “የሌላ ሰው ነው፣ እማ ሀውራ” አለኝ። “ታዲያ ስህን የሌላ ሰው መቃብር ላይ ምን ታደርጋለች?” አልሁት።

በዚህ መሀል ሙስዓብ ገባ፤ ፎቶውን አየው። “የእህቴን መርዶ የምትነግር አንተ ማን ነህ!” ብሎ በርጩማ አንስቶ ግንባሩን መታው። ማህዲ እጁን አላነሳም። በሻሼ አስሬው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደግፎት የሄደውም ራሱ ሙስዓብ ነው፤ እያለቀሰ።

ማህዲ መርዶ ነግሮሻል ወይ ተብየ ተጠይቄያለሁ። ወላሂ አልነገረኝም። አውቅ ነበር። ከረመዳን በፊት ዙለይሃ “አዲስ መልእክት” ብላ የከፈተችልኝ ድምፅ “ለእትዬ ሰብለወንጌል ሰላም በይልኝ” ይላል። ጎረቤቴ ሰብለወንጌል ከሞተች ቆይታለች፤ ያኔ ሰዓዳ ራሷ ደውላ አልቅሳላታለች። ሙት ለሙት ሰላም ስትልክ ምኑ ይጠፋኛል? ዙለይሃ የምታሰማኝ ድምፅ አልቆባት ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ “ያንቺ ልጅ እኮ ቀልደኛ ናት” እያለች አብራኝ ትስቅ ነበር። እንዴት ብየ አስቁማት?

ለምን ዝም አልሽ ለተባልሁት፣ መርዶ ከተነገረ በኋላ የሙት ድምፅ ማን ይከፍትልኛል? ሐዘኗ እንዳይብስ ብለው ይዘጉብኛል። ድንኳን ሳይጣልላት፣ ሰው ሳይሰማ፣ ለብቻዬ ዱዓ ሳደርግላት ነው የከረምሁ። አላህ ይርሐማት።

ሙስዓብ መትቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጄ ነው ብየ አልሸሽግም። ማህዲ ግን አንዳች አላጠፋም።

ላፕቶፑን ለኤግዚቢት ወስዳችኋል። የምለምነው፣ እንደ አዲስ እንጫነው የሚል ባለሙያ እንዳይነካብኝ ነው። መስማት ካሻችሁ ጥሩኝ፣ ጣቴን ይዤ እመጣለሁ።

ከላይ ያለው ተነቦልኛል፤ የተናገርሁት ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። መፈረም ስለማልችል የቀኝ አውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ። ውሃና ሳሙና እንዲሰጠኝም ጠይቄያለሁ፤ በዚህ ቀለም ላፕቶፑ አያውቀኝም።

የምስክር አሻራ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን እንዳለ ባዬ፣ ፊርማ ________