ጫማችንን ደጅ ጥለን የሄድንበት ቤት

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ክረምት ነው፤ የልጅ ልጄ በማግስቱ ክርስትና ስለሚነሣ ከቢቸና ሞጣ ስሄድ አውቶቡሳችንን ጭቃ ዋጠው። ቆመን ሳለ ፈረንጅ ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ ያለው፣ ቤት የሚያህል መኪና እየነዱ ደረሱ። አስጎብኚያቸው "ግቡ እማማ፣ እናደርሳችኋለን" ብሎ ከተሳፋሪው መኪናው የቻለንን ያህል አስገባን። ጥቂት እንደሄድን ሴትዮዋ እግራችንን እያየች ሳቀች።

"ጫማችሁስ?" አለ አስጎብኚው።

"ደጅ አውልቀነዋ። የሰው ቤት በጭቃ ይገባል እንዴ?"

"እማማ፣ ይሄ ቤት እኮ ይሄዳል።"

"ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም?"

መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪናው መዞሪያ የለውም። "ንዳ በለው፤ ጫማ ይቆያል፣ ክርስትና አይቆይም" አልኩት።

ልጁ በሰዓቱ ተጠመቀ። ፈረንጆቹም ድግሱን በልተው ወደ ባሕር ዳር አለፉ። አውቶቡሱ ከጭቃው ወጥቶ ጫማችንን ጭኖ መጣ፤ የኔን ግን አንዷ ቀድማ ተጫምታው ሄዳ ኖሮ፣ የማላውቀው ሰው ቦት ጫማ አጥልቄ ቢቸና ገባሁ።