ወለተ ጊዮርጊስ ሰው የምትሆንበት ቀን

ጸጥታ! እባካችሁ ጸጥታ! አባ ሸጋው፣ እርስዎም ያንን የጠላ እንስራ አንዴ ያሳርፉልኝ። የትም አይሄድም፤ የዕቃ ማውጫው ሞዴል 22 አልተቆረጠለትም።

ክቡር ኃላፊያችን አቶ ገበየሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያ ፊት ለፊት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው የተቀመጡት፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው የዕቃ ግምጃ ቤታችን እመቤት፣ እትዬ ለተሥላሴ! እንዲህ የሚኮሳተሩት እንዳያለቅሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ጦይባ ከሒሳብ ክፍል ነኝ፤ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለምንዋሰን ንግግሩን ለአንቺ ተውነው ተባልኩ። በጎረቤት ላይ የሚመሰክር ጎረቤት ነው አይደል?

እስቲ እትዬ ከኒሯቅ ተዛውረው የመጡበትን ቀን ላስታውሳችሁ። ከአይሱዙ ጋቢና ወረዱ። በአንድ እጃቸው ጥላ፣ በሌላው እጃቸው የሕፃን ራስ የሚያክል ጓጉንቸር! «እንኳን ደህና መጡ» ብለን ተንጋግተን ወጣን።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ። መጋዘኑ በየት በኩል ነው?» አሉን። ውሃ እንኳ አልጠጡም።

አሳየናቸው። ያንን የዛገ ቁልፍ አውልቀው የራሳቸውን ጓጉንቸር ቀጭ! ይሄኔ ከውስጥ በሩ ይደበደብ ጀመር።

«ኧረ ሰው አለ! ክፈቱ!»

«ማን ነዎት?»

«ኃላፊው ነኝ! ሲሚንቶ ልቆጥር ገብቼ ነው!»

«ጥሩ። ከመጋዘን የሚወጣ ሁሉ ተፈርሞበት ነው የሚወጣው» ብለው ወረቀት በበሩ ሥር አሾለኩላቸው። አቶ ገበየሁ ፈርመው ወጡ! ይሳቁ እንጂ አቶ ገበየሁ፣ ነገሩ እኮ በይርጋ ታግዷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ግቢ ሕግ ወጣ። ያለቀውን ያላመጣ አዲስ አይወስድም። ቀያሹ ምንይሉ፣ ና እስቲ መስክር! እስክሪብቶ ሊጠይቅ ሄደ።

«ያለቀው የታለ?»

«ጠፋብኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ሲገኝ ና።»

ምን አደረገ መሰላችሁ? ከጥበቃ ቤት የሞተ እስክሪብቶ ተበድሮ ሄደ። እሳቸው አገላብጠው አዩትና «ይሄማ የአባ ሸጋው ነው፤ ጥርሳቸውን አውቀዋለሁ» አሉት። አባ ሸጋው፣ እስክሪብቶ ማኘክ ተዉ ብለንዎት ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሁላችሁም ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ያለውን በጨርቅ የተሸፈነ ነገር እያያችሁ ነው። አዎ፣ እሱው ነው! ያ ኮምፒዩተር የመጣ ጊዜ እትዬ «አቧራ ይበላዋል» ብለው መጋዘን ውስጥ አስቀመጡት፤ ጠርዙ አበባ የተጠለፈበት ልብስ ሰፉለት። ለእኔ ልጅ እንኳ እንደዚያ ያለ ልብስ አልተሰፋለትም። ከባሕር ዳር የመጣው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሲሄድ አንድ ጨዋታ ጭኖበት ሄደ። ሰው ትፈጥራለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ከወህኒ ቤት ታስወጣውና በማታውቀው አገር ትለቀዋለህ፤ ከዚያ ተልዕኮ የሚሰጥህ እየፈለግህ ትዞራለህ። እንግሊዝኛውን እኔ እያነበብኩ፣ ማውሱን እሳቸው ይዘው በምሳ ሰዓት ጀመርን።

«ስም አምጪ ይላል እትዬ።»

«እንግዲያው የክርስትና ስሜን ስጪያት። ወለተ ጊዮርጊስ በያት፤ እሱ ይጠብቃታል።»

ሌላው ሰው በዚያ ጨዋታ ሰይፍና ጋሻ ይሰበስባል። የእኛዋ ወለተ ጊዮርጊስ የተሰበረ ሳህን፣ ጆሮው የወለቀ ማሰሮ፣ ባለቤት የሌለው ማንኪያ! ገና ከወህኒ ቤቱ ስትወጣ ወለሉ ላይ ከተጣለች የሸክላ ጽዋ ጀመረች።

«ይሄ እኮ ለምንም አይጠቅምም እትዬ፣ ይጣሉት።»

«ንብረት አይጣልም።»

ከረጢቷ ሞላ። «ከባድ ስለሆነ መሮጥ አትችልም ይላል» አልኳቸው። «ማን ሩጪ አላት?» አሉኝ። ስለዚህ ከጠላት ፊት በእርጋታ እየተራመድን ነበር የምንሸሸው። ጠላት ሲደርስብን እትዬ በኽምጣንግኛ ይሳደባሉ፤ እዚያ ጥግ ያሉት አቶ ካሳ ብቻ ገብቷቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ ሳህን ስትሰበስብ አንድ የገረጣ ሰውዬ አንገቷን ነከሳት። ጽሑፉን አነበብኩት፤ ቶሎ መድኃኒት ካላገኘች ደም መጣጭ ትሆናለች ይላል! መድኃኒተኛው ዘንድ እየተጎተትን ሄድን። ሰውዬው ከከረጢትሽ አንድ እስር ቅጠል ስጪኝና ላድንሽ አለ።

«ይፈርማ» አሉ እትዬ።

«እትዬ! እሱ እኮ ሥዕል ነው! በምኑ ይፈርማል?»

«ሥዕልም ቢሆን። ያለ ሞዴል 22 አንዲት ቅጠል አትወጣም።»

አልወጣችም! ወለተ ጊዮርጊስ ተኝታ ስትነሳ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ጥርሷ ሾሎ ተነሳች። በሞዴል 22 ምክንያት ደም መጣጭ የሆነች ሴት በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት! እትዬ አማተቡ። «የክርስትና ስሜን! መልሺያት!» አሉኝ። በምን ልመልሳት? «መብራት ሳይጠፋ፣ መብራት ሳይጠፋ» እያሉ እሳቸው ራሳቸው ሴቭ አድርገውባታል።

ከዚያ በኋላ ያየነውን መከራ! ፀሐይ ያቃጥላታል። እትዬ ገበያውን ሁሉ ዞሩና «ይሄ ሁሉ ሰይፍ ሲሸጥ አንድ ጥላ የሚሸጥ ይጥፋ?» ብለው ተቆጡ። ደም እንድትጠጣ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይፈቅዱላትም። ሁዳዴ ሲገባማ ጭራሽ! እኔም «ይቺ እኮ ፀሐይ ሳትገባ አትቀምስም፤ የያዘችው የእኛን ጾም ነው» አልኳቸው። «የእኔንም የአንቺንም አንድ ላይ ከያዘችማ አለቀላት» አሉ። የባሰው ነገር፣ በዚያ ጨዋታ ደም መጣጭ ሲጾም ፊቱ ይበልጥ ያስፈራል። ነጋዴዎቹ አንሸጥልሽም ብለው በራቸውን ዘጉባት። የነጋዴው የሐይደር ልጅ ነኝና ልመስክር፤ አባቴ ቢሆን ዓይኗ ቀላም ጥርሷ ሾለም ይሸጥላት ነበር!

አሁን ስሙኝ! ተራራው ሥር አንድ የዋሻ የብረት በር ነበር። ገና ሰው ሳለች ስናንኳኳ «ለሰው አይከፈትም» ብሎ መልሶን ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን፣ ተስፋ ቆርጠን በዚያ በኩል ስናልፍ እትዬ «እስቲ ደግመን እናንኳኳ» አሉ። አንኳኳን።

ተከፈተ!

«ከፈተ! ጦይባ፣ ከፈተልን!» ብለው የጮሁት ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰምቷል። ምንይሉ የመለኪያውን ሦስት እግር ሜዳ ላይ ጥሎ መጣ። ይታየሽ ከጽሕፈት ክፍል እየሮጠች መጣች። አቶ ገበየሁ ገቡ፣ ፊታቸው ጥቁር ብሏል።

«ይሄ መሥሪያ ቤት ነው የልጆች መጫወቻ?»

እሳቸውም ወደ ስክሪኑ አዩ፤ በሩን አዩ።

«…ገባች እንዴ?»

«ገባች።»

«በሉ ወንበር አምጡልኝ።»

አይክዱም መቼም! ለካስ በዚያ አገር ለደም መጣጭ ብቻ የሚሰጡ ተልዕኮዎች አሉ! ሰው ሆኖ መቶ ዓመት ቢዞሩ የማይገኙ! አንዱ ተሰርቆ አንድ ጌታ ቤት የገባውን የዋሻውን የብር ማንቆርቆሪያ በጨለማ ማስመለስ ነው፤ እትዬ እሱን ሲያመጡ «ገቢ ሆኗል» ብለው አጨበጨቡ። ሌላው ደግሞ መቼም አይረሳኝም። ዋሻው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደም መጣጭ ነበር። ልጄ ቤት አድርሽኝ፣ በሩን እንኳ ልየው አለ። ፀሐይ እየሸሸን፣ ከጥላ ወደ ጥላ እየወሰድን አደረስነው። እሱ ማንኳኳት ፈራ፤ ወለተ ጊዮርጊስ አንኳኳችለት። ልጅቷ ወጥታ ዓይኑን አየች፣ ፈራችም፣ ግን «አባዬ፣ ግባ» አለችው። ያን ቀን ይታየሽ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ። አቶ ገበየሁም ዓይናቸው ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

የመጨረሻው ተልዕኮ ፈውስ ነው። ደም መጣጭን ሰው የሚያደርግ መጠጥ። ሁሉ ነገር ተሟላ፤ መጠጫው ግን ያ ወህኒ ቤቱ ወለል ላይ ተጥሎ የነበረው የሸክላ ጽዋ መሆን አለበት አለ! ያንን ማን አንስቶት? እትዬ ከረጢቷን ከፍተው፣ ከሳህኑ ከማንኪያው ሥር ጎትተው አወጡት። ከዚያ በመነጽራቸው አናት በኩል አዩኝ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ውስጡ ያለው ሁሉ ተደምስሶ ለሌላ ሥራ ሊሰጥ ነው ተባለ። ወለተ ጊዮርጊስ ጽዋዋን ይዛ ቆማለች። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቷል። ካልተጫነ የክርስትና ስማቸው ደም መጣጭ እንደሆነ ይጠፋል። እኔም «እትዬ፣ ይጫኑት እንጂ!» አልኳቸው።

«ጦይባ፣ ይሄን ከጠጣች በኋላ ያ በር ይከፈትላታል?»

«አይከፈትም እትዬ። ሰው ትሆናለቻ።»

«እነዚያ የዋሻው ሰዎችም አያናግሯትም?»

«አያውቋትም።»

«እንግዲያው ይቆይ» አሉና ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። እንደተለመደው አባ ሸጋው መጋዘኑን ሊያዩ ሄዱ። በሩ አልተቆለፈም ነበር! እትዬ ለተሥላሴ ሳይቆልፉ ሄዱ! አባ ሸጋው ሌባ የገባ መስሏቸው ጮኹ። እኔ ግን ያኔ ገባኝ፤ እትዬ የጠየቁኝ ስለ ዋሻው በር አልነበረም።

እትዬ፣ አሁን ቀልዱን ልተወውና የሆዴን ልንገርዎት። ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ የማጠባበት ቦታ አልነበረኝም። አንድ ቀን ጠሩኝና ወሰዱኝ። ከሲሚንቶው ጀርባ ጥጉን ጠርገው፣ ወንበር አድርገው፣ መጋረጃ ሰቅለው አገኘሁት። «እስክትፈልጊው ድረስ ያንቺ ነው» አሉኝ። የት ልፈርም ብዬ ብጠይቅዎት «ሂጂ ወዲያ!» ብለው ገፉኝ። በዚህ መሥሪያ ቤት ታሪክ ሳይፈረምበት ከእጅዎ የወጣ ነገር ያ ብቻ ነው። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ምሳዎን ግድግዳው ጀርባ ሄደው ይበሉ ነበር። የማላውቅ መስሎዎት ነበር አይደል? አውቃለሁ። አላህ ይስጥልኝ። ክፉ አይንካብኝ።

ምንይሉ፣ ልብሱን ግለጠው! አቶ ካሳ፣ ጄኔሬተሩ ይነሳ፤ ዛሬ ድርግም ብሎ የሚጠፋ መብራት የለም። አያችሁ? ያው እዚያው ነው ያለችው፤ ጽዋዋን ይዛ ቆማለች። ቀኑም ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ቢሆን እንደማይነኩት ስለምናውቅ እኔና አቶ ገበየሁ አስበንበት ነው።

ምን አሉ እትዬ? «ከተደመሰሰስ?» አይደመሰስም! አቶ ገበየሁ ኮምፒዩተሩን ከቢሮው አላወጡም፤ ወለተ ጊዮርጊስ እዚህ ትቀመጣለች፤ በፈለጉ ቀን መጥተው ያዩዋታል። ከዚህ የሚወጣው ይሄ ብቻ ነው። ይታየሽ፣ አምጪው! ከኒሯቅ ይዘውት የመጡት ጓጉንቸር። የግል ንብረትዎ ነው፤ ሞዴል 22ቱንም ቆርጠናል፤ አቶ ገበየሁ በገዛ እጃቸው ፈርመዋል፤ ያውም በዚህ ጊዜ ከበሩ ውጭ ሆነው!

እንግዲህ ሁላችሁም ተነሱ። ጠላ የያዘ ጠላውን፣ እንደ እኔ ብርዝ የያዘ ብርዙን ያንሳ። እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ጣትዎን ቁልፉ ላይ ያድርጉ። እሷ ጽዋዋን ስታነሳ እኛም እናነሳለን። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ ጉልበትዎ አይድከም፤ ስምዎም እንደ ክርስትናዎ ይባረክ። አይፍሩ፣ ይጫኑት። ያ ዋሻ ለሰው አይከፈትም፤ የእኛ በር ግን የሚከፈተው ለሰው ነው። ጓጉንቸሩን ይዘው ይሂዱ እትዬ ለተሥላሴ፤ እርስዎ ላይ የምንቆልፈው በር የለንም።

ይኸው ተጫኑት! ጠጣች! ጠጡ እንጂ እናንተስ!