ተጫዋች ነበርኩ

ጉልበቴ በጄሶ ታስሮ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚኒባስ ስሄድ፣ ስልኬ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ እንግሊዛዊ የራግቢ ተጫዋች አነብ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት መምሬ ምን እንደማነብ ጠየቁኝ።

«ስለ አንድ ተጫዋች ነው» አልኳቸው።

«ተጫዋች ሰው ደግ ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይፈለጋል።»

«የኳስ ነው እንጂ፣ መምሬ። ኳሱን በብብቱ ይዞ ሲሮጥ እየተጋጩ ይጥሉታል። እንጀራው ነበር። ጉልበቱ ሲሰበር አሰናበቱትና ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ወደ ድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ተመለሰ።»

ጄሶዬን አየት አደረጉና «አንተስ?» አሉኝ።

«እኔም የእግር ኳስ ተጫዋች ነበርኩ።» ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

መምሬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ጨዋታ በጉልበት ነው እንዴ፣ ልጄ? በል አምበር እስክንደርስ አጫውተኝ።»